የቬንደሊን ክራትስ ግራ ዓይን

ቬንደሊን ክራትስን ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት ያስመልሰው ነበር። ይህን የምናውቀው ሚስቱና እኔ ብቻ ነን። ሚስቱ ቫልቡርጋ ታላቅ እህቴ ናት። እኔ አልባን ፊንክ ደግሞ በመኪናው ላይ በግራው የምቀመጥ መካኒኩ ነበርኩ። ጋዜጦቹ «ደም ሥሩ ብረት ነው» እያሉ ሲጽፉለት፣ እሱ ከጋራዡ ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ ቁርሱን ይመልሳል፤ እኔ ኮፍያውን እይዝለታለሁ። ከዚያ አፉን ተጉመጥምጦ፣ መነጽሩን አጥልቆ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ወደ መኪናው ይሄዳል። እጁ የሚረጋው ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ነው።

ፍርሃቱን ይዞት የመጣው ከትውልድ መንደሩ ነው። አባቱ ኦበርሎህ በምትባል የተራራ መንደር የጋሪ መንኮራኩር ይሠሩ ነበር። ቬንደሊን ገና ጢም ሳያበቅል፣ ድርቆሽ የተጫነ ጋሪ ቁልቁለቱን አምልጦ ወረደና አባቱን በገዛ ደጃቸው ከግድግዳ ጋር አጣበቃቸው። አልሞቱም። ግን እግራቸውን እየጎተቱ ኖሩ። መንኮራኩሩ ራሳቸው የሠሩት ነበር። ቬንደሊን ይህን ሲያወራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መንኮራኩር የሠራውንም ሰው አያውቅም» ይል ነበር።

ወደ እኛ ከተማ የመጣው ሥራ ፍለጋ ነው። የሬህበርግ ፋብሪካ ያኔ የልብስ ስፌት መኪናና ብስክሌት ይሠራ ነበር። ቬንደሊን እዚያ ገብቶ ጎማ መግጠም ጀመረ፤ እሑድ እሑድ በወንዙ ዳር ሜዳ በብስክሌት ይሽቀዳደም ነበር። አባታችን የአፕል ጠጅ ቤት ነበራቸው። አንድ እሑድ ክርኑ ተልጦ፣ ደሙ እየተንጠባጠበ ገባ።

ቡርጋ (እህቴን እንዲህ ነው የምንጠራት) ገና ከበሩ ሳለ «ወድቀህ ነው?» አለችው።

«አልወደቅኩም። ሌላ ሰው ወደቀብኝ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እኔ ግን እውነቴን ነው። እንደሚወድቅ አይቼ ፍጥነቴን ቀንሼ ነበር። እሱ እኔን አላየኝም።»

«ታዲያ ተሸነፍክ?»

«አሸነፍኩ።»

አባታችን ከጠረጴዛው ማዶ ሳቁ። «ቀንሶ ያሸነፈ ሰው መቼም አይቼ አላውቅም» አሉ። በዓመቱ ቬንደሊን ቡርጋን አገባት።

ፋብሪካው መኪና መሥራት ሲጀምር ባለቤቱ አቶ ሬህበርግ ከብስክሌተኞቹ ሁሉ መርጠው መሪውን ለእሱ ሰጡት። ሌሎቹ ከእሱ የፈጠኑ ነበሩ። እሱ ግን መኪና አይሰብርም። ከውድድር በፊት መንገዱን ሁሉ በእግሩ ይሄድበታል። በየመንደሩ ይቆማል፤ የግንቡን ጥግ በእጁ ይዳስሳል፤ ባልቴቶቹን «ዝይዎቻችሁ በየት በኩል ነው የሚሻገሩት? ውሻው የት ነው የሚተኛው?» እያለ ይጠይቃል። አብረውት የሚነዱት ሾፌሮች «ክራትስ የዝይ እረኛ ሊሆን ነው» እያሉ ያሾፉበት ነበር። እሱም «የፈሪ ሚስት ጥቁር አትለብስም» ብሎ ይመልስላቸዋል።

ቡርጋ ግን ጥቁሩን ሳትለብሰው ትለብሰው ነበር። በውድድር ቀን የቤቱንም የጎረቤቱንም ልብስ ሰብስባ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ትገባለች። የውሃው ጩኸት ክፉ ዜና የሚያመጣውን የፖስተኛ ብስክሌት ድምፅ እንዳያሰማት ነው። አንድ ጊዜ የጎረቤታችን ሚስት «የእኔ አንሶላ እኮ ትናንት የታጠበ ነው» ብትላት፣ ቀምታት ነክራዋለች።

እኔ ከአጠገቡ ስቀመጥ ሥራዬ ብዙ ነበር። ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ እንዲሄድ በተጠራቀመበት ሰልባቲዮ ውስጥ አየር በእጅ ፓምፕ እጨምራለሁ፤ ጎማዎቹን አያለሁ፤ ከኋላ የሚመጣውን እጠብቃለሁ። መነጋገር የሚባል ነገር የለም፤ ሞተሩ ጆሮ ያደነቁራል። ክርኑን ከነካሁት «ከኋላ መጡ» ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ስንት ተራራ ወጣን፣ ስንት አቧራ ጠጣን። አንድም ቀን ተገልብጠን አናውቅም።

የዓለም ጦርነቱ ሊመጣ ሦስት ዓመት ያህል ሲቀረው፣ በጸደይ፣ አዲሱን መኪና በጫካው መንገድ እንሞክር ነበር። ከፊታችን የፋብሪካው ሌላ ሾፌር ኤግበርት ሩምፍ ነው የሚሄደው። ሩምፍ ወጣት ነው፣ ፈጣን ነው፣ መንገድ የሚለቅ ዓይነት አይደለም። ከኋላ ጎማው የተፈናጠረ ጠጠር የቬንደሊንን መነጽር በግራ በኩል መታው። ጩኸት አልሰማሁም። ያየሁት መኪናው ቀስ እያለ፣ ዳር እየያዘ፣ ፍሬኑ በሥርዓት እየተያዘ ሲቆም ነው። ካቆመ በኋላ ነው እጁን ወደ ፊቱ የወሰደው። በጣቶቹ መካከል ደም ይወርድ ነበር።

መድኃኒት ቀማሚው ስብርባሪውን በጥንቃቄ አወጣለት። ዓይኑ ታሽጎ ከረመ። ፋሻው ሲፈታ ከውጭ ሲያዩት ምንም የለበትም፤ ያው ሰማያዊ ዓይን ነው። አቶ ሬህበርግ መጥተው «እንዴት ነው?» አሉት።

«ደህና ነው ጌታዬ።»

«ታያለህ?»

«አያለሁ።»

ውሸት አልነበረም። በቀኙ ያያል።

እኔ የነቃሁት ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ በአባቴ ጠረጴዛ ላይ ጠጅ ሲቀዳ ከብርጭቆው ጎን አፈሰሰው። «ሰከርክ እንዴ ገና ሳትጠጣ?» ብለው አባቴ ሳቁበት፤ እሱም ሳቀ። ቀጥሎ ጋራዥ ውስጥ በግራው ቆሜ መፍቻ ብሰጠው እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። ሦስተኛው ግን ሳቅ አልነበረውም። ሙከራ ላይ ሳለን ከግራ በኩል ከእርሻ መንገድ የበሬ ጋሪ ወጣ። ቬንደሊን ፍጥነቱን አልቀነሰም። ክርኑን ይዤ ጎተትኩት። የበሬው ትንፋሽ ጉንጬን ነካኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ በመኪናው ጥላ ሥር ዳቦና ቋሊማ ይዘን ተቀመጥን። እሱ ራሱ ጀመረ።

«አወቅክ አይደል?»

«ምኑን?»

«ተው እንጂ አልባን።»

«ጭራሽ አያይም?»

«ብርሃን ያያል። ጥላ ያያል። አንተ ከአጠገቤ ስትቀመጥ አንድ ከረጢት ድንች ያስቀመጡብኝ ይመስለኛል።»

«ከድሮም ከዚያ አልበልጥም ነበር።»

ሳቅን። ከዚያ ዳቦውን መልሰን ጠቀለልነው።

«ለአቶ ሬህበርግ መናገር አለብህ» አልኩት።

«ከዚያስ? ቤቱ የፋብሪካው ነው። ልጄ ገና መራመድ ጀመረች፤ ቡርጋ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት።» ቋሊማውን በጩቤ እየቆራረጠ አንዱንም አልበላም። «ይህ ብቻ አይደለም። መሪ ሳልይዝ እኔ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ፍርሃቴን የማስቀምጥበት ሌላ ቦታ የለኝም።»

ያኔ ተስማማን። ቀኝ እጄ በግራ ጉልበቱ ላይ ይሆናል። ከተጫንኩት በግራ በኩል የሆነ ነገር አለ ማለት ነው፤ ካላላሁት መንገዱ ነጻ ነው። ዓይኑ እኔ ልሆን ነው። ቀላል ነገር ይመስል ነበር፤ እንዲያውም እየተጨባበጥን ነው የተነሳነው።

በዚያ በጋ ሁለት ጊዜ የተራራ ውድድር ወጣን። አንዱን ሁለተኛ ሆነን ጨረስን፤ አንዱን አሸነፍን። ሕዝቡ ትከሻ ላይ ሊያወጣን ሲመጣ እኔ ከመኪናው ጀርባ ተደበቅኩ። ከዚያ በፊት ስፈራ የምፈራው ለራሴ ነበር፤ ያ ፍርሃት ሞተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ይኼኛው ግን አልጠፋም። እራት ላይም አለ፣ ቤተ ክርስቲያንም አለ። በመንገድ ስሄድ ከግራ የሚመጣ ሁሉ ያስደነግጠኛል፤ ውሻ፣ ቅጠል፣ የራሴ ጥላ። ከጋራዡ ጀርባም እንደ ድሮው ኮፍያ ያዥ መሆኔ ቀረ። ሁለታችንም ጎን ለጎን ቆመን ነበር የምንመልሰው።

ቬንደሊን አንድ ቀን አፉን እየጠረገ «ይቅርታ አድርግልኝ» አለኝ።

«ለምኑ?»

«ደፋር ነበርክ እኮ።»

በቀጣዩ ዓመት ትልቁ ውድድር መጣ። መንደሮችን አያይዞ ተራራውን እየዞረ የሚመለስ ረጅም መንገድ ነው፤ ከየአገሩ መኪና ይመጣል። ልንሄድ ስንል ቡርጋ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ጠራችኝ። ሁለተኛዋ ልጅ ጥግ ላይ ቅርጫት ውስጥ ተኝታለች። በሩን ዘጋችው።

«አልባን፣ የማን ወንድም ነህ? የእኔ ነህ ወይስ የእሱ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ማን ነገረሽ ብለህ እንዳትጠይቀኝ። አልጋ ላይ የምተኛው በግራው ነው። ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ እስቅለታለሁ። ዓመት ሆነው፣ አያየኝም። ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ነው ‹ቡርጋ፣ ነቃሽ?› የሚለኝ።»

እጄን ውሃው ውስጥ ከትቼ የሳሙናውን አረፋ ማተራመስ ጀመርኩ።

«ንገሪው እንጂ ታዲያ። አቁም በይው» አልኳት።

«ብለው ያቆማል። ያቆምና እንደ አባቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጋሪ ሲያልፍ ሲያይ ያረጃል። ካላልኩት ደግሞ...» አልጨረሰችውም። እጄን ከውሃው አውጥታ በሽርጧ አደረቀችው፤ ልጅ ሳለሁ እንደምታደርገው። «ስትነዱ እጅህ ጉልበቱ ላይ እንደሚሆን አይቻለሁ። ከዚያ እንዳታነሳው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እሺ አልኳት። ስላት ግን አውቅ ነበር፤ ፓምፑ ቢቸግር ሁለት እጅ ይፈልጋል።

የውድድሩ ቀን ደረቅ ነበር። ዝናብ ለብዙ ሳምንታት ጠፍቶ መንገዱ ዱቄት ሆኗል። መኪኖቹ በየተራ ነው የሚለቀቁት፤ ሩምፍ ከእኛ በፊት ተነስቶ ነበር፤ መሃል ላይ ግን ቀደምነው። ቬንደሊን እንደዚያ ሲነዳ አይቼው አላውቅም። እያንዳንዱን ኩርባ እንደ ጸሎት በቃሉ ያውቀዋል። እኔም እጄን ከጉልበቱ አላነሳሁም፤ ጋሪ ተጫን፣ ግንብ ተጫን፣ ነጻ፣ ነጻ። በየዙሩ በሰሌዳው ላይ ስማችን ከላይ ነበር። አንድ ሺህ ሰው ስማችንን ሲጠራ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ብቻ እናያለን።

መጨረሻው ሲቃረብ፣ በረጅሙ ዳገት ላይ፣ ፓምፑ ቀለለብኝ። ውስጡ ያለው ቆዳ በሙቀቱ ደርቆ አየሩን ያሾልካል። ሞተሩ ሳል ሳል አለው። ቬንደሊን በቀኝ ዓይኑ መለስ ብሎ አየኝ፤ ምን እንደምለው ጠበቀ። ሞተሩ ከጠፋ ውድድሩ አለቀ። እጄን ከጉልበቱ አነሳሁና በሁለቱም እጄ ፓምፑን ያዝኩ። ሞተሩ ነፍስ ዘራ። ዳገቱን ጨረስን፤ ከጫፉ በኋላ መንገዱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ወደ ቀኝ ለመታጠፍ መጀመሪያ ወደ ግራ መክፈት፣ ወደ ዳር ሰፋ ብሎ መውጣት ያስፈልጋል። ጉልበቱን ምንም ስላልተጫነው ቬንደሊን ከፈተ።

ሩምፍ እዚያ ነበር። አቧራችን ውስጥ ተደብቆ ደርሶብን በግራችን ሊያልፍ ነው። ፓምፑ ላይ ጎንበስ ብዬ ስለነበር የፊት ጎማውን ያየሁት ክርኔ አጠገብ ሲደርስ ነው። ጮህኩ። ድምፄን እኔም አልሰማሁትም። ጎማ ከጎማ ተነካካ፤ ብረት ሲሞረድ ዓይነት ድምፅ መጣ። የሩምፍ መኪና ከመንገድ ወጣ። ሣሩ ላይ ጎኑን ሰጥቶ ሲንሸራተት መካኒኩ ከወንበሩ ተወርውሮ በአንድ እጁ ብቻ ተንጠልጥሎ አየሁት፤ እግሮቹ መሬቱን ይጠርጋሉ። ከዚያ ኩርባው ከዓይኔ ሰወራቸው።

ቬንደሊን በጣቱ ጉልበቱን መታ መታ አደረገ፤ እጄን መፈለጉ ነው። አፌን ከጆሮው ጋር አጣበቅኩ።

«ሩምፍ!»

«የት?»

«በግራ!»

አንገቱን እስከ ጥግ አዙሮ ወደ ኋላ አየ። በዚያ ፍጥነት፣ መንገዱን ትቶ። ወዲያው አቧራው ውስጥ የሩምፍ መኪና እየተንገጫገጨ ወደ መንገዱ ሲመለስ ታየ፤ ሁለቱም ሰዎች ተቀምጠውበታል። ቬንደሊን ወደ ፊት ተመለሰ። ወፍጮ ቤቱ ጋ እስኪደርስ፣ መንገዱ እንደ ገመድ የሚዘረጋበት ቦታ ድረስ ነዳ። እዚያ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፤ ዳር ያዘ፤ ሞተሩን አጠፋ።

ጸጥታው ከሞተሩ ጩኸት ባሰ። ሩምፍ አልፎን ሄደ። በአጥሩ ላይ የተቀመጡት ገበሬዎች አንገታቸውን አሰገጉ።

«ቤንዚን አለቀ?»

«ጎማው ነው ባክህ!»

«ሚስቱ ናፍቃው ነው!»

ወርጄ ሞተሩን ልቀሰቅስ ወደ ፊት ሮጥኩ። «ቬንደሊን! ምን ሆንክ? አንደኛ ነን እኮ! ምንም የተሰበረ የለም!»

እጆቹ መሪው ላይ ናቸው። አይንቀጠቀጡም። ያ ነው ያስፈራኝ።

«ሁለት ሰው ነበር እዚያ» አለኝ። «ሁለት ሰው ነበር፤ እኔ ሣር መስሎኝ ነበር።»

«እጄን ስላነሳሁ ነው። ፓምፑ...»

«ያንተ እጅ ዓይን አይደለም። እኔ ነኝ ዓይን ያልኩት።» መነጽሩን አወለቀ። «ለራሴ ስፈራ ኖሬ ለሰው ሳልፈራ ቀረሁ፤ አየኸው?»

ወደ መኪኖቹ ማረፊያ በእግራችን ሄድን። አቶ ሬህበርግ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ጨብጠው እየሮጡ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም።

«ምን ተሰበረ? ክራትስ! ምን ተሰበረ?»

«ዓይኔ።»

«ምን አልክ?»

«ግራ ዓይኔ፣ ጌታዬ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ አያይም።»

ፊታቸው እንደ ኖራ ነጣ። ዙሪያቸውን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለማንም አትናገር። ሕመም ያዘው እንላለን። ሙቀቱ ነው እንላለን። ገባህ?»

«ለአንድ ሰው መናገር አለብኝ» አላቸውና ጥሏቸው ሄደ።

ሩምፍ ውድድሩን አራተኛ ሆኖ ጨርሶ ነበር። ከመኪናው ወርዶ የመካኒኩን የተላጠ እግር በውሃ እያጠበለት አገኘነው። ቬንደሊን ከፊቱ ቆሞ ነገረው፤ አላሳጠረም፣ አላስረዘመም። ሩምፍ ቀና ብሎ ሰማው። ከዚያ ተነሳና በጥፊ መታው። የመታው በግራ በኩል ስለነበር ቬንደሊን ሲመጣ አላየውም፤ ፊቱን እንኳ አላሸሸም። እንደ ጆንያ ተገነደሰ። ሩምፍ የወደቀውን ሰው ትንሽ ቆሞ አየው። ጥፊው ለምን እንዳልተመከተ ያኔ ነው የገባው። አጠገቡ አፈሩ ላይ ቁጭ አለና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ማቆም አልቻለም። መካኒኩ የእግሩን ፎጣ አቀበለው።

በማግስቱ በባቡር ወደ ቤት ተመለስን። ቡርጋ በር ላይ ነበረች። ሁለታችንንም ከእግር እስከ ራስ አየችን።

«ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ሆናችሁ እንዲህ ጠቆራችሁ?»

«አቆምኩ፣ ቡርጋ።»

«ሞተሩን?»

«ሁሉንም።»

የልብሱን ቅርጫት ገልብጣ ቁጭ አለችበትና ሳቀች። ሳቁ አልቆም አላት፤ እምባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ ትስቃለች። ከዚያ ተነስታ እጇ ላይ የነበረውን እርጥብ አንሶላ ወረወረችበት፤ «ዓመት ሙሉ! ዓመት ሙሉ!» እያለች። እሱ አንሶላው ራሱ ላይ እንዳለ ቆሞ ቀረ።

የፋብሪካውን ቤት ለቀን የአባታችን ጠጅ ቤት ፎቅ ላይ ገባን። ጋዜጦቹ ስለ ሙቀቱ ጻፉ። ኋላ እውነቱ በከተማው ሲወጣ ሰው ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ «ነፍሰ ገዳይ» ይለዋል፣ ሌላው ደግሞ «ትንሽ መንገድ ሲቀረው ድል የጣለ ሞኝ» ይለዋል። ጠጅ ሊጠጡ መጥተው በፊቱ ይከራከሩ ነበር። እሱ በርሜል ያጥባል፣ ይሰማል። ሌሊትና ቀን የሚጨነቅበት ሌላ ነገር አግኝቶ ነበር፤ ምድጃው፣ ደረጃው፣ ልጆቹ የሚጫወቱበት መስኮት። ደረጃው ላይ መያዣ ገመድ አሰረ፤ ቀጥሎም ሌላ ገመድ አሰረ። ቡርጋ «መርከብ አደረግከው ቤቱን» ትለው ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣ በዓይኑ ምክንያት አልተቀበሉትም። እኔ ሄድኩ፤ አንድ ጆሮዬ ደንቁሮ ተመለስኩ። ኤግበርት ሩምፍ አልተመለሰም። ዜናው ሲደርስ ቬንደሊን ወደ ምድር ቤት ወረደና እስኪመሽ አልወጣም።

ከጦርነቱ በኋላ፣ ድንች እንኳ እየጠፋ ባለበት ጊዜ፣ ሰው እንደገና ውድድር አማረው። የወረዳው የመኪና ማኅበር በእኛው ተራራ ላይ አንድ አዘጋጀና በየኩርባው ባንዲራ ይዘው የሚቆሙ ሰዎች ፈለገ። ወጣቶቹ ቬንደሊንን አያውቁትም፤ ስሙን ያስታወሰው የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ አቶ ኩንስማን የሚባል የጥርስ ሐኪም ነው። የሰጡት ቦታ የድንጋይ መስቀሉ ያለበት ኩርባ ነው፤ ወደ ግራ የሚታጠፍ፣ በውጭ በኩል ሣር የለበሰ ከፍታ ያለው። ተመልካች የሚወደው ያንን ከፍታ ነው። ከዚያ ሆኖ መኪናው ከሥር ሲመጣ፣ ሲታጠፍ፣ ሲሄድ፣ ሁሉም ይታያል።

እኔም አብሬው ሄጄ ነበር። ደርሰን ስናይ ከፍታው በሰው ጢም ብሎ ሞልቷል። ብርድ ልብስ አንጥፈዋል፤ የአፕል ሣጥን ገልብጠው ተቀምጠዋል። ቬንደሊን አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየና ላብ አጠመቀው።

«እዚያ ሰው መቀመጥ የለበትም» አለ።

«ለምን?» አለው አንድ ወፍራም ሰው፣ አዲስ ኮት የለበሰ። «ከፍለን ነው የገባነው።»

«መኪና መታጠፍ ካቃተው የሚሄደው ወደዚያ ነው።»

«ስንቱ አለፈ፣ ማን ወጣ? ሟርተኛ!»

«ይኼ አንድ ዓይና አይደል እንዴ? አንዱ ዓይኑ ነው ሁለት መኪና የሚያሳየው!» አለ ሌላው። ሳቁ እንደ እሳት ተያያዘ። ከፍታው ሙሉ ሳቀበት። አንዲት ሴት «አያ ድንጉጥ! ና እኛ ጋ ተቀመጥ፣ እጅህን እንይዝልሃለን!» ብላ ጠራችው።

አቶ ኩንስማን መጣ። «አቶ ክራትስ፣ መኪኖቹ ሊለቀቁ ነው። ቦታዎን ይያዙ።»

«ሰዎቹ ይነሱ።»

«የት ላደርጋቸው? ይሄ ሁሉ ሕዝብ!»

ቬንደሊን ከአንዱ ሥር የአፕል ሣጥን ጎተተና መንገዱ መሃል ላይ አስቀምጦ ተቀመጠበት። ባንዲራውን ጭኑ ላይ ዘረጋ። ቁልቁል ከታች ሞተሮች ሲቀሰቀሱ ይሰማል። እኔ ደህናውን ጆሮዬን ወደ ቁልቁለቱ አዞርኩ። አንዱ መኪና ሳይነገረው ቢለቀቅስ? አቶ ኩንስማን ቀላ፣ ለመነ፣ ዛተ። ሕዝቡ ሣር እየነቀለ ወረወረበት። እጁ በጣም ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ባንዲራው ጭኑ ላይ እንደ ቅጠል ይርገበገባል። ግን አልተነሳም።

በመጨረሻ ሰው ሰለቸው። እየተሳደቡ፣ ብርድ ልብሳቸውን እየጠቀለሉ፣ ወደ ውስጠኛው ወገን ተሻገሩ። ወፍራሙ ሰው ንዴት አሳውሮት ኮቱን ሳይቀር ሣሩ ላይ ጥሎ መጣ። ቬንደሊን የመጨረሻው ሰው እስኪሻገር ጠብቆ ሣጥኑን አነሳ።

አንድ መኪና አለፈ። ሌላ አለፈ። በየማለፉ ከኋላችን «እሺ፣ የት አለ?» የሚል ድምፅ ይመጣል። ብዙ አለፉ። እኔም በልቤ እነዚያ ሰዎች እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም ማለት ጀምሬ ነበር። ከዚያ አንድ ሰማያዊ መኪና መጣ፤ ኩርባውን ሲይዝ የፊት ጎማው ከዘንጉ ተነቀለ። ጎማው ብቻውን እየዘለለ ቀደመ፤ መኪናው ተከተለው። ከፍታውን ወጣ፣ የተውትን የአፕል ሣጥን ሁሉ እየሰባበረ ከዳር እስከ ዳር ጠርጎት ሄደ፣ ጫፉ ላይ በጎኑ ተኛ። ሾፌሩ ትከሻው ተሰብሮ እየረገመ ከሥሩ ወጣ።

ያቺ «አያ ድንጉጥ» ያለችው ሴት አፏን በሁለት እጇ ይዛ ከፍታውን ታያለች፤ ብርድ ልብሷን ያነጠፈችበትን ቦታ። ቬንደሊን ባንዲራውን ከፍ አድርጎ ወደ ታች ሮጠ፤ ቀጣዩን መኪና ሊያስቆም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድም ሰው መጥቶ አመሰግናለሁ አላለውም። ሰው ሲያፍር ይሸሻል። የመጣው ወፍራሙ ሰው ብቻ ነው፤ በእጁ ለሁለት የተቀደደ ጨርቅ ይዟል፣ ግሪስ በግሪስ የሆነ።

«ይህን አየህ? አዲስ ኮት ነበር! አንተ ባታስነሳን ኖሮ ለብሼው ነበር እኮ!»

ቬንደሊን ኮቱን ተቀበለው። ገልበጥ አድርጎ፣ ወደ ቀኝ ዓይኑ አስጠግቶ፣ የጎማውን ዱካ በጣቱ ተከተለው። ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ታች ነው።

«እውነትህን ነው» አለው። «ለብሰኸው ነበር።»

ሰውየው የጎማውን ዱካ አየ። ኮቱን ተቀብሎት ሄደ፤ ትንሽ እንደሄደ የመስቀሉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ቬንደሊን ከዚያ በኋላ በየዓመቱ እዚያ ኩርባ ላይ ይቆም ነበር፤ ከዓመት ወደ ዓመት ፍርሃቱ አልቀነሰም። ከውድድሩ በፊት ባለው ሳምንት እንቅልፍ የለውም፤ ቡርጋንም አያስተኛትም። አሁን በቀኙ ነው የምትተኛው። ከፍታው ላይ ግን ሰው እንዳይቀመጥበት የእንጨት አጥር ተሠርቷል፣ ማኅበሩ አሠርቶት ነው። እሱ አላመነውም። ጸደይ በመጣ ቁጥር መዶሻ ይዞ ይወጣና ችካሎቹን አንድ በአንድ እየነቀነቀ ይፈትሻል።